መብራት ሲመጣ ሁሉም ቤት ባንዴ ባትሪ ሲሞላ፦ ኢንቨርተራችንን ከሰፈሩ ትራንስፎርመር ጋር እንዴት እናስማማው?

▸ የመስመር_ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው ስለ አንድ ቤት ሳይሆን ስለ አንድ ትራንስፎርመር ነው። ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ ከትራንስፎርመሩ ወደ 400 ሜትር ይርቃል፤ የመስመሩ መጨረሻ አካባቢ ማለት ነው። የተገጠመው 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ነው፤ ከመስመር የሚሞላ እንጂ ወደ መስመር የማይልክ ዓይነት። ባለ 51.2 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ሊትየም ባትሪ ሁለት፣ ባለ 550 ዋት ፓነል አራት አለው። በዚያው ፌዝ ላይ አስር ያህል ቤት ተመሳሳይ ዕቃ አስገብቷል።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቴጁ 220 ሆኖ ይመጣና በደቂቃ ውስጥ 165 ይወርዳል። ኢንቨርተሩ ወደ ባትሪ ይገለበጣል፤ ቮልቴጁ ይነሣል፤ ተመልሶ መስመር ላይ ይገባል፤ እንደገና ይወርዳል። ቀጭ ቀጭ እያለ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። አሁን ያለው ቅንብር፦ ከመስመር መሙያ 60 አምፒር፣ ቅደም ተከተል ኤስቢዩ (መጀመሪያ ሶላር፣ ቀጥሎ ባትሪ፣ መጨረሻ መስመር)፣ የመግቢያ ቮልቴጅ ክልል ዩፒኤስ (ጠባቡ)። ምን ይስተካከል?

▸ ክላምፕ_ሜትር
ወንድሜ፣ ኢንቨርተሩ አልተበላሸም። ቮልቴጁን የሚያወርደው ሒሳቡ ነው፤ እንቁጠረው።

60 አምፒር የተባለው በባትሪው በኩል ነው። ባትሪው 54 ቮልት ላይ ሲሆን 60 × 54 = 3,240 ዋት። በመሙላት የሚባክነውን 7 በመቶ ገደማ ስትጨምርበት ከመስመሩ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፒር። አንድ የእንጀራ ምጣድ ማለት ነው። ምጣድ ግን አስሩም ቤት በአንድ ደቂቃ አይጥድም። ባትሪዎቹ መብራት በመጣባት ደቂቃ አስሩም አብረው ይጣዳሉ።

መስመሩ 70 ሚሊ ሜትር ካሬ አሉሚኒየም ነው እንበል፤ በኪሎ ሜትር 0.443 ኦም አለው። 400 ሜትር በፌዝ ሄዶ 400 ሜትር በኒውትራል ሲመለስ 0.8 × 0.443 = 0.354 ኦም። አንድ ቤት 16 አምፒር ሲስብ 5.7 ቮልት ይጠፋል። አስሩም መጨረሻው ላይ በአንድ ፌዝ ሲስቡ 160 አምፒር ይሆናል፤ የሚጠፋው 57 ቮልት። 220 ሲቀነስ 57፣ 163። አንተ ያነበብከው 165 ይኸው ነው።

የሚያባብሰው ሌላ ነገር አለ። ምጣድ ቮልቴጅ ሲወርድበት የሚስበው አምፒርም አብሮ ይወርዳል። ቻርጀር ግን ዋቱን ላለማጣት አምፒሩን ይጨምራል። በ163 ቮልት 3.5 ኪሎዋት ለማግኘት 21 አምፒር ይፈልጋል፤ በጨመረ ቁጥር ቮልቴጁን ይበልጥ ይጎትታል። ከዚያ ከ170 በታች ሲወርድ፣ ያ የዩፒኤስ ክልል ታች ወሰን ስለሆነ፣ ሁሉም ኢንቨርተር ይለቃል፤ መስመሩ ባዶ ይሆንና ቮልቴጁ ይዘላል፤ ሁሉም ተመልሶ ይገባል። ቀጭ ቀጩ ይህ ነው።

ማድረግ ያለብህ ከመስመር የሚሞላበትን አምፒር ማውረድ ነው። ይህ በብዙዎቹ ኢንቨርተሮች ፕሮግራም 11 ነው፤ መመሪያህን አይተህ አረጋግጥ። ፕሮግራም 02ን አትንካ፤ እሱ የሶላሩና የመስመሩ ድምር ስለሆነ ዝቅ ካደረግኸው ቀን ፓነሉንም ትገድበዋለህ። ፕሮግራም 11ን 10 አምፒር አድርገው። 540 ዋት ወደ ባትሪ፣ ከመስመር 580 ዋት ገደማ፣ 2.6 አምፒር። አስር ቤት 26 አምፒር፣ የሚጠፋው 9 ቮልት ብቻ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ብዙ ጫኚ «ክልሉን ከዩፒኤስ ወደ አፕላያንስ ቀይረው፣ ቀጭ ቀጩ ይቆማል» ብሎ ይመክራል። ድምፁስ ይቆማል። የአፕላያንስ ክልል ግን ታች ወሰኑ 90 ቮልት ነው፤ ኢንቨርተሩ 130 ቮልት ላይም መሳቡን አይተውም፤ ያንኑ ቮልቴጅ ለፍሪጅህ ያሳልፋል። ኮምፕሬሰር በእንዲህ ያለ ቮልቴጅ መነሣት አቅቶት ሲያጓራ ይቃጠላል። ኢንቨርተር የሌለው ጎረቤትህ ደግሞ ምንም መከላከያ የለውም።

▸ ፈጣን_ሙሌት
አልስማማም። መብራት የሚመጣው ለሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነስ? በ10 አምፒር በሁለት ሰዓት ምን ይሞላል? ባትሪ የተገዛው ተመልሶ ሲጠፋ እንዲደርስ ነው። ሁሉም 60 ላይ እያለ አንድ ሰው ቢያወርድ ባዶ ባትሪ ይዞ የሚቀረው እሱ ነው።

▸ ክላምፕ_ሜትር
ስጋትህ ትክክል ነው፤ መልሱም በስንት ኪሎዋት-ሰዓት እንዳጠፋህ ይወሰናል። መብራት፣ ራውተር፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በአማካይ 300 ዋት ይስባሉ ብለን መብራቱ 4 ሰዓት ከጠፋ የወጣው 1.2 ኪሎዋት-ሰዓት ነው። ሁለቱ ባትሪዎች በድምሩ 10.24 ኪሎዋት-ሰዓት ይይዛሉ። ገና 12 በመቶ ነው የጎደለው። 20 አምፒር ብትሰጠው በሰዓት ከአንድ ኪሎዋት-ሰዓት በላይ ይገባል፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ያጣኸው ይመለሳል። በ10 አምፒርም ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይበቃዋል።

60 አምፒር የሚያስፈልገው ባትሪው ጨርሶ ተራቁቶ ሲገኝ ብቻ ነው። የሚያራቁተው ደግሞ በአብዛኛው መጥፋቱ ሳይሆን ኤስቢዩ ነው። መብራት እያለ ባትሪውን ሲያራግፍ ያመሽና ሦስት ሰዓት ላይ ሲጠፋ 30 በመቶ ላይ ያገኘዋል።

ሌላም አለ። አስራችሁም 60 ስትሉ ማንም 60 አያገኝም። ግማሹን ጊዜ በቀጭ ቀጭ ታሳልፋላችሁ፤ በየመገልበጡ መሙላቱ ከዜሮ ይጀምራል። ሁሉም 15 ወይም 20 ላይ ቢሆን ባትሪዎቹ ቶሎ ይሞላሉ።

▸ ሦስት_ፌዝ
የክላምፕ_ሜትር ሒሳብ ላይ ትንሽ ልጨምር፤ ቁጥሩ የኬብሉን ብቻ ነው። የራሱ የትራንስፎርመሩ ኢምፒዳንስ (ኃይል ሲያልፍበት ቮልቴጅ የሚያስቀርበት ተቃውሞ) አለ። 200 ኪሎቮልት-አምፒር የሆነ ማከፋፈያ ትራንስፎርመር 4 በመቶ ገደማ ኢምፒዳንስ ይኖረዋል፤ በሙሉ ጭነት በእያንዳንዱ ፌዝ የሚችለው 289 አምፒር ነው። አስር ቻርጀር በአንድ ፌዝ 160 ሲወስድ፣ ፍሪጅና ፓምፕም አብሮ ሲነሣ፣ ያ ፌዝ ብቻውን ወሰኑ አጠገብ ይደርሳል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ባዶ ናቸው። ፊውዝ ሲበላ የሚበላው የዚያ ፌዝ ነው፤ «የእኛ በኩል ብቻ ጠፋ» የሚባለው ከዚህ ይመጣል።

ኒውትራሉንም አስቡት። ሦስቱ ፌዞች እኩል ሲጫኑ በኒውትራል የሚመለሰው ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ የቮልቴጅ ብክነቱም በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ያለው ቤት ኢንቨርተሩን በጣም በተጫነው ፌዝ ላይ አይስቀል። ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሦስቱንም ፌዝ ወደ ኒውትራል ለክታችሁ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለውን ምረጡ። ለሳምንት ያህል ለኩ፤ አንድ ቀን አይበቃም።

▸ ባለ_ጄል
የእኔ ባትሪ ሊትየም አይደለም፤ 12 ቮልት 200 አምፒር-ሰዓት ጄል አራት በተከታታይ። 10 አምፒር አይጎዳውም?

▸ ክላምፕ_ሜትር
ጄልና ሌሎች የሊድ ባትሪዎች ዝቅ ያለ አምፒር ላይ ለረጅም ጊዜ ከቆዩና ሳይሞሉ ከከረሙ ሰሌዳቸው ላይ ሰልፌት ይረጋል፤ አቅማቸው ይሞታል። የአቅሙ አንድ አስረኛ፣ ማለትም 20 አምፒር፣ ጥሩ መነሻ ነው። ከ50 በመቶ በታች አታውርደው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መሙላቱን አረጋግጥ፤ መጨረሻው ላይ የሚስበው ወደ 4 አምፒር ሲወርድ ሞላ ማለት ነው። የመሙያውን ቮልቴጅ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ተከተል እንጂ የጎረቤትህን አትቅዳ።

▸ የፀሐይ_ገበታ
ማዘግየት ሳይነሣ ቀረ። አምፒር ማውረድ ግማሹ ነው። መብራት በመጣባት ሰከንድ አለመግባት ሌላው ግማሽ ነው። ረጅም ሰዓት የቆየ መጥፋት ሲያበቃ የሁሉም ቤት ፍሪጅ ሞቋል፤ የውሃ ማሞቂያው ቀዝቅዟል፤ ፓምፑ ታንከሩን ሊሞላ ይነሣል። የተለመደው መፈራረቅ ይጠፋና ሁሉም ባንዴ ይጎትታል። መስመሩ በጣም የሚጨነቀው በእነዚያ የመጀመሪያዎቹ አስር ደቂቃዎች ነው። ባትሪ ያለው ቤት ግን መታገሥ ይችላል፤ ባትሪው ለዚህ ነው።

የአሜሪካው አይትሪፕልኢ 1547 መስፈርት፣ በ2018 የታደሰው፣ ኃይል የሚልክ ኢንቨርተር መስመሩ ከተመለሰ በኋላ በመደበኛው 300 ሰከንድ እንዲጠብቅና ከዚያም በ300 ሰከንድ ቀስ እያለ እንዲወጣ ያዛል። ያ ስለ መላክ ነው፤ ለመሳብም ግን ያው ምክንያት ይሠራል።

ኢንቨርተራችሁ የማዘግያ ቅንብር ከሌለው (ርካሾቹ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው የሚጠብቁት) በብሬከር ሳጥን ላይ የሚገጠም የቮልቴጅ መከላከያ ሪሌይ ግዙ። ሦስት ነገር የሚስተካከልበት ይሁን፦ ላይኛው ወሰን፣ ታችኛው ወሰን፣ የመመለሻ ጊዜ እስከ 600 ሰከንድ። አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ሪሌዩን በዋናው ብሬከርና በኢንቨርተሩ መግቢያ መካከል አስገቡ፤ ምጣዱና ሌላው ኢንቨርተር የማይነካው ጭነት በዚህ አይለፍ። ላይኛውን 250፣ ታችኛውን 180 አድርጉ። 63 አምፒር ተብሎ የተጻፈበትን በተከታታይ ከ40 በላይ አታስጭኑት፤ ከውስጥ ያለው መገናኛ ይሞቃል። ሪሌዩ ብሬከርን አይተካም፤ ከፊቱ 40 አምፒር ብሬከር ይኑር።

አሁን ዋናው ነገር። ሁሉም 300 ብሎ ካስገባ ጭነቱ በአምስተኛው ደቂቃ ባንዴ ይመጣል፤ ችግሩ ሰዓቱን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። መበታተን ያስፈልጋል። ቀላሉ ዘዴ፦ የቆጣሪ ቁጥራችሁን የመጨረሻ ሁለት አሃዞች በ4 አባዙና 180 ጨምሩ። 05 ከሆነ 200 ሰከንድ፣ 62 ከሆነ 428፣ 99 ከሆነ 576። ማንም ከማንም ሳይነጋገር ሰፈሩ በስድስት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ተራ በተራ ይገባል።

▸ የመስመር_ዳር
ይህ በጣም ጠቅሞኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓነሉ በቀን ምን ያህል ሊሸፍን ይችላል? ከመስመር መሙላትን ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል?

▸ የፀሐይ_ገበታ
በበጋ ይቻላል። 2.2 ኪሎዋት ፓነል በአዲስ አበባ በጥሩ ቀን 5 ሙሉ የፀሐይ ሰዓት ቢያገኝ፣ ሙቀት፣ አቧራና የመስመር ብክነት ተቀንሶ ከ8 እስከ 9 ኪሎዋት-ሰዓት ይሰጣል። ለመብራትና ለፍሪጅ ይበቃል። ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ግንቦት የመሙያውን ምንጭ «ሶላር ብቻ» አድርገው፤ መብራት ሲመለስ ባትሪህ መስመሩን ጨርሶ አይነካውም። ክረምት ላይ ምርቱ ወደ ግማሽ ሊወርድ ስለሚችል «ሶላርና መስመር» አድርገህ 10 አምፒር ላይ ተወው።

ኤስቢዩን ለማቆየት ከፈለግህ ወደ መስመር የሚመለስበትን 50 በመቶ፣ ወደ ባትሪ የሚመለስበትን 85 በመቶ አድርግ። 50ውን ከፍ ያደረግኩት ማታ ቢጠፋ ግማሽ ባትሪ እንዲኖርህ ነው። በሁለቱ መካከል ክፍተቱ ሰፊ ይሁን፤ 50 እና 55 ካልከው በየሰዓቱ ሲገለበጥ ያድራል። ይህ በመቶኛ የሚሠራው ባትሪውና ኢንቨርተሩ በመገናኛ ኬብል ሲነጋገሩ ነው። ኬብሉ ከሌለ ኢንቨርተሩ በቮልቴጅ ይገምታል፤ የሊትየም ቮልቴጅ ደግሞ ከ20 እስከ 90 በመቶ ብዙም ስለማይለዋወጥ ግምቱ ይስታል።

ፓነል የሌላቸው፣ ባትሪና ኢንቨርተር ብቻ ያላቸው የኮንዶሚኒየም ቤቶች ኤስቢዩ ላይ መቀመጣቸው ንጹሕ ኪሳራ ነው። ከመስመር ሞልቶ ወደ ቤት ሲመልሰው 15 በመቶ ገደማ በመንገድ ይቀራል። እነሱ «መስመር መጀመሪያ» ያድርጉት።

▸ ቆጣሪ_አንባቢ
ከቅንብር በፊት ሰው እንዳይሞት የሚለው ይቅደም። የኢንቨርተርን መውጫ ወንድ ሶኬት ባለው ገመድ ወደ ግድግዳ ሶኬት እየሰኩ ቤቱን የሚያበሩ አሉ። ዋናው ብሬከር ካልጠፋ ኃይሉ በቆጣሪው ወደ ውጭ ይወጣል። ትራንስፎርመር በሁለቱም በኩል ይሠራል፤ ከታች 220 ሲገባበት ከላይ በ15 ኪሎ ቮልቱ በኩል ሺዎች ቮልት ያወጣል። መስመሩ ሞቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ የሚይዘው ያንን ነው። ብዙ ጊዜ የጎረቤት ጭነት ኢንቨርተሩን ያስጥለዋል፤ ሽቦው ቤታችሁ አቅራቢያ የተቆረጠ ከሆነ ግን የሚያስጥለው ነገር የለም።

በትክክል የተገጠመ መሆኑን እንዲህ ፈትሹ። አንደኛ፣ ዋናውን ብሬከር አጥፉና ቤቱ በባትሪ ይሥራ። ሁለተኛ፣ በኢንቨርተሩ መግቢያ ፌዝና ኒውትራል መካከል ለኩ። ዲጂታል ቴስተር 20 ወይም 50 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ ከአጠገብ ሽቦ የተጋባ ባዶ ቮልቴጅ ነው። ሦስተኛ፣ እዚያው ላይ ባለ 60 ዋት ክር አምፖል አገናኙ። ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ደህና ነው። አምፖሉ ከፈካ ወደ ኋላ የሚሄድ ኃይል አለ፤ ሳይጠገን ማንም አይንካው።

በእጅ የሚገለበጥ ቼንጅኦቨር ከተጠቀማችሁ ሁለት ምሰሶ ያለው፣ ፌዙንም ኒውትራሉንም የሚቆርጥ፣ መካከሉ ላይ ዜሮ ያለው ይሁን። ፌዝ ብቻ የሚቆርጠው ርካሹ ኒውትራሎቹን አቀላቅሎ ያስቀራል። የባትሪ ወረዳውና የሌላው ወረዳ ኒውትራል ባር ለየብቻ መሆን አለበት፤ አለዚያ ኤርዝ መቆጣጠሪያው ብሬከር ያለምክንያት ይዘላል።

ሌላው ኤርዝ ነው። ኢንቨርተሩ በባትሪ ሲሠራ ኒውትራልና ኤርዝ መካከል ለኩ። 110 ቮልት አካባቢ ካሳየ ኒውትራሉ ተንሳፍፏል፤ ሰው ፌዝ ቢይዝ መከላከያ ብሬከሩ አይዘልም። አንዳንድ ኢንቨርተሮች በባትሪ ጊዜ ኒውትራልን ከኤርዝ የሚያስር ሪሌይ በውስጣቸው አላቸው፤ ቅንብሩን ማብራት ነው። የሌላቸው ባለሙያ ይፈልጋሉ። በገዛ እጃችሁ ቋሚ ሽቦ አትሰሩበት፤ መብራት ሲመለስ ሁለት ቦታ የታሰረ ኒውትራል ይሆናል።

▸ ፈጣን_ሙሌት
የተረፈውን ቀን ቀን ወደ መስመር ብንልክስ? ሃይብሪድ ኢንቨርተሮቹ ይችላሉ እኮ።

▸ ቆጣሪ_አንባቢ
የጽሑፍ ፈቃድና ለዚያ የተዘጋጀ ቆጣሪ ሳይኖር አይበራም። ብዙ የካርድ ቆጣሪዎች ወደ ኋላ የሄደውን እንደ ፍጆታ ይቆጥሩታል፤ የላካችሁትን ከካርዳችሁ ይቀንሳሉ ማለት ነው። አንዳንዶቹም እንደ መነካካት ወስደው ይዘጋሉ።

ሃይብሪድ ያላችሁ «ዜሮ መላክ» የሚለውን አብሩ፤ ግን የመለኪያ ቀለበቱ ቦታውን ካልያዘ አይሠራም። ቀለበቱ ከቆጣሪው በኋላ፣ ማንኛውም ቅርንጫፍ ከመውጣቱ በፊት፣ በዋናው ፌዝ ሽቦ ላይ ይግባ። ከምጣዱ ቅርንጫፍ በኋላ ከገባ ምጣዱን አያየውም። አቅጣጫውን ለማረጋገጥ ማታ ፓነሉ ሲተኛ፣ ባትሪው እንዳያግዝ አድርጋችሁ፣ ምጣዱን አብሩ። ስክሪኑ ከመስመር 3.5 ኪሎዋት እየተሳበ መሆኑን ካሳየ ልክ ነው። እየተላከ ነው ካለ ቀለበቱን ገልብጡት። የተገለበጠ ቀለበት አደገኛ ነው፤ ኢንቨርተሩ እየላከ ሳለ እየሳበ ስለሚመስለው ይበልጥ ይገፋል፤ እስከ ሙሉ አቅሙ ይሄዳል።

ዜሮውን ድፍን ዜሮ አታድርጉት። ከ50 እስከ 100 ዋት ሁልጊዜ ከመስመር እንዲስብ ተዉ። ምጣድ ድንገት ሲጠፋ ኢንቨርተሩ እስኪነቃ ድረስ ለአፍታ ወደ ውጭ ያመልጠዋል፤ ትንሿ ህዳግ በተለመደው መወዛወዝ ጊዜ ታድናለች።

▸ አደላይድ_ብሬከር
የመላኩ ጥያቄ ስለተነሣ የደቡብ አውስትራሊያን ላካፍል፤ እዚህ ከሦስት ቤት ከአንዱ በላይ ጣሪያው ላይ ሶላር አለው። ብርሃን በሞላበት፣ ቀዝቀዝ ባለ የእረፍት ቀን ሰው ኤሌክትሪክ አይጠቀምም፤ ጣሪያው ግን ያመርታል። መጋቢት 14 ቀን 2021 እንደ ፈረንጆቹ፣ እሑድ ዕለት፣ የአገሪቱ የኃይል ገበያ ኦፕሬተር ሥርዓቱን ለማረጋጋት የቤት ሶላር እንዲቀነስ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘዘ። በጣም ብዙ ማምረትም እንደ እጥረት መስመር ይጥላል።

ከዚያ የመጡት ደንቦች ለማንም የሚጠቅም ትምህርት አላቸው። ከታኅሣሥ 2021 ጀምሮ የሚገጠም ኢንቨርተር ኤኤስ/ኤንዜድኤስ 4777.2 የተባለውን የ2020 መስፈርት ያሟላል። በዋናው የኃይል መረብ ላይ ያለው ቅንብር እንዲህ ነው። ቮልቴጅ 253 ሲደርስ ኢንቨርተሩ ኃይሉን መቀነስ ይጀምራል፤ 260 ላይ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። ከ240 በላይ ደግሞ ሪአክቲቭ ኃይል (ሥራ የማይሠራ ግን ቮልቴጅን የሚያነሣና የሚጥል) እየሳበ ቮልቴጁን ወደ ታች ይጎትታል፤ ከ220 በታች ተቃራኒውን ያደርጋል። የ10 ደቂቃ አማካይ 258 ካለፈ ይለያል። ሲመለስም በደቂቃ ከአቅሙ 16.67 በመቶ በላይ አይጨምርም፤ ሙሉ ለመሆን ስድስት ደቂቃ ይፈጅበታል።

የሚላከው መጠንም ቋሚ አይደለም። በተለዋዋጭ መላክ ውል አንድ ቤት በአንድ ፌዝ ከ1.5 እስከ 10 ኪሎዋት ይፈቀድለታል፤ ወሰኑ በኢንተርኔት እየተላከ ይለዋወጣል። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ኢንቨርተሩ በራሱ ወደ 1.5 ይወርዳል። ይህ ብልህ አሠራር ነው። ግንኙነት የጠፋበት ዕቃ ወደ ደህናው በኩል መውደቅ አለበት።

▸ ሦስት_ፌዝ
እህታችን ያመጣችው ጥሩ ነው። የጀርመኑ 50.2 ኸርዝ ደግሞ ነባሪ ቅንብር ምን ያህል አደገኛ እንደሚሆን ያሳያል። የድሮው ደንብ ፍሪኩዌንሲ (መስመሩ በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት፤ ኃይል ሲበዛ ከ50 ከፍ ይላል) 50.2 ሲደርስ የቤት ሶላር ወዲያውኑ ይለይ ይል ነበር። ሶላሩ ጥቂት ሳለ ምንም አልነበረም። ሲበዛ ግን በአንዲት ቅጽበት ብዙ ሺህ ሜጋዋት ሊጠፋ የሚችል ሆነ፤ ከመብዛት የመጣው ችግር በአንዴ ወደ እጥረት ይገለበጣል። በ2012 ደንብ ወጥቶ ከ10 ኪሎዋት በላይ የሆኑ ነባር ተከላዎች እየተዞረ ተስተካከሉ። የአሁኑ አሠራር ከ50.2 በላይ በእያንዳንዱ ኸርዝ 40 በመቶ እየቀነሰ ይሄዳል፤ 50.7 ላይ 20 በመቶ ብቻ ቀንሷል። የሚቆርጠው 51.5 ላይ ነው።

ለዚህ ክር ይበልጥ የሚቀርበው እዚያው ጀርመን ከጥር 2024 የጀመረው ነው፤ ከመስመር የሚሞላ ትልቅ የቤት ባትሪ፣ የመኪና ቻርጀርና ሂት ፓምፕ መስመሩ ሲጨናነቅ ወደ 4.2 ኪሎዋት እንዲወርድ አከፋፋዩ ማዘዝ ይችላል፤ ባለቤቱ በምላሹ የኔትወርክ ክፍያ ቅናሽ ያገኛል። እንደምታዩት እነሱም ጭነቱን ቀስ አድርጎ መሳብን እንደ ቁም ነገር ይዘውታል።

እኛ ጋ አብዛኛው ኃይል ከውሃ ነው፤ ግድቦቹ ጭነት ሲለዋወጥ ይከተሉታል። ያው 400 ሜትር አሉሚኒየም ሽቦ ግን ማንንም አይከተልም። ስለዚህ ለእኛ ቤት መላክ ሁለተኛ ነው፤ አሳሳቡ ይቀድማል።

ሃይብሪድ ያላችሁ ስለ አገር ኮድ አንድ ነገር፦ የጀርመን ኮድ ተመርጦ የመጣ ኢንቨርተር ስሌቱ በ230 ቮልት ነው፤ 80 በመቶው 184 ስለሆነ ከዚያ ሲወርድ መላኩን ያቆማል። በመስመር መጨረሻ 184 በየማታው ይታያል። ኮዱን በ220 ቮልት 50 ኸርዝ ወደሚሠራ ቀይሩት፤ ነገር ግን ወሰኖቹን በሙሉ ከፍቶ የሚተወውን «ነፃ» የሚባል ምርጫ አትንኩ። እሱ የደሴት መከላከያውንም (መስመሩ ሲሞት መላኩን የሚያቆመውን) ሊያላላው ይችላል፤ ቆጣሪ_አንባቢ የተናገረው አደጋ በዚያ በኩል ይመጣል።

▸ የመስመር_ዳር
የመጨረሻው ቅንብር ይኸው፣ ስህተት ካለ አርሙኝ። ከመስመር መሙያ 10 አምፒር። የመሙያ ምንጭ ሶላርና መስመር፣ ክረምቱ እስኪያልፍ። ክልል ዩፒኤስ እንዳለ። ወደ መስመር መመለሻ 50፣ ወደ ባትሪ 85። የቮልቴጅ ሪሌይ 180 / 250፣ የቆጣሪው መጨረሻ 37 ስለሆነ 328 ሰከንድ። ምጣዱ ከኢንቨርተሩ ውጭ። የአምፖሉ ፈተና ዜሮ አሳይቷል። ከመስመር የሚሞላበትን ሰዓት ደግሞ ከሌሊቱ 5 እስከ 11 ለማድረግ በስልክ መተግበሪያው 5:00 እና 11:00 አስገብቻለሁ።

▸ ፈጣን_ሙሌት
እኔም 20 ላይ አውርጄዋለሁ፤ የቆጣሪዬ መጨረሻ 81 ነው፣ 504 ሰከንድ።

▸ ክላምፕ_ሜትር
የመስመር_ዳር፣ ሁሉም ልክ ነው፤ ሰዓቱ ብቻ ተሳስቷል። መተግበሪያው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ 5:00 ያልከው ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ 11:00 ያልከው ከረፋዱ 5 ሰዓት ነው። እንዲህ ከተተወ ሰው ሁሉ ምጣድ በሚጥድበትና ፓነልህ ራሱ በሚያመርትበት ሰዓት ከመስመር ይሞላል። 23:00 እና 05:00 ብለህ አስገባ። በስድስቱ ሰዓት 3.2 ኪሎዋት-ሰዓት ይገባል፤ ለሌሊት ይበቃሃል። የዋይፋይ ማሰራጫውን የሰዓት ቀጠናም እይ፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የቻይና ላይ ናቸው፤ ከእኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። ወደ ፕላስ 3 ቀይረህ የኢንቨርተሩ ስክሪን ላይ ያለው ሰዓት ከስልክህ ጋር መግጠሙን አረጋግጥ። መብራት ከጠፋ በኋላም ደግመህ እየው፤ አንዳንዱ ሲነሣ ወደ ድሮው ይመለሳል።